ሥራ እስኪገኝ ድረስ ያለው ጊዜ

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ልንነጋገርበት ያሰብነው ነገር በብዙ ቤት የሚታይ፥ ግን በጥቂት ቤት ብቻ በግልጥ የሚነገር ነው። ይኸውም ትምህርቱን ፈጽሞ፥ ወይም ከነበረበት ሥራ ወጥቶ፥ በአባቱና በእናቱ ቤት የተቀመጠው ወጣት ነገር ነው። እንግዳ ሲመጣ አባት «ልጅዎ የት ገባ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ አባትም «አለ፤ እየሞከረ ነው» ብሎ ጨዋታውን ወደ ዝናሙና ወደ ገበያው ይመልሳል። እናት አንገቷን ደፍታ ቡናውን ትቀዳለች፤ ልጁም በጓዳ ሆኖ ሁሉን ይሰማል።

ከወላጆች አፍ ዘወትር የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «ሥራ እስኪገኝ ድረስ ጊዜ አለህ፤ ተቀምጠህ አንብብ፤ አንዳች ሙያ ተማር» የሚል። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን በውስጡ አንድ ስሕተት ተሸሽጎበታል፤ ይኸውም ጊዜ ከተገኘ ትምህርት በራሱ ይከተላል ብሎ ማሰብ ነው። ሥራ ያለው ሰው «ጊዜ ባገኝ ይህን መጽሐፍ በጨረስሁት፥ ያንን ቋንቋ በተማርሁት ነበር» እያለ ስለሚኖር፥ ጊዜ የተረፈው ሰው ሳይማር ሲቀር ያየ እንደ ሆነ ስንፍና ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ከብዙ ዘመን በፊት በአንዲት ትንሽ የኦስትሪያ መንደር በቍጥር ተመርምሮ ታውቋል፤ የመንደሪቱንም ታሪክ ጥቂት ዘርዘር አድርገን ብንነግራችሁ አይከፋም።

ማሪየንታል የምትባለው ይህች መንደር ከቪየና ከተማ ብዙ ሳትርቅ የምትገኝ ናት። (በዚህ ታሪክ የምንጽፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በውስጧም ከመቶ ዓመት ያህል ጀምሮ የቆመ የፈትልና የሽመና ፋብሪካ ነበረ፤ የመንደሪቱም ሰው እንጀራውን የሚያገኘው ከዚያው ነበረ። በ1929 ዓ.ም. የፈትሉ ክፍል ቆመ፤ በ1930 ዓ.ም. በየካቲት ወር ደግሞ የሽመናው ክፍል ተዘጋ። 478 ቤተ ሰብ የሚኖርባት መንደር በጥቂት ወራት ውስጥ ባዶ እጇን ቀረች። በ1931 ዓ.ም. መጨረሻ ማሪ ያሆዳ የተባለች የ24 ዓመት ወጣት ምሁር፥ ከባልደረቦቿ ከፖል ላዛርስፌልድና ከሃንስ ዛይዝል ጋራ ሆና የሕዝቡን ኑሮ ለመመርመር ተነሣች፤ ያገኙትንም ሁሉ በ1933 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተሙት። መርማሪዎቹ በቃል ብቻ አልተወሰኑም፤ እያንዳንዱን ነገር ቈጠሩት።

መንደሪቱ የሠራተኞች ቤተ መጻሕፍት ነበራት። ቀድሞ መጽሐፍ የሚዋስ ሰው ጥቂት ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ ሥራ ከጠፋ በኋላ ግን በነጻ እንዲሆን ተደረገ። እንግዲህ ሰው ሁሉ ጊዜ ተርፎታል፤ መጽሐፉም ያለ ዋጋ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ አንባቢው ይበዛል ብሎ የማይገምት ማን ነው? ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ከ1929 እስከ 1931 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተወሰደው መጽሐፍ ቍጥር ከመቶ 48.7 ያህል ቀነሰ። ማንበብ ያልተዉትም ቢሆኑ ቀድሞ አንዱ አንባቢ በአማካይ 3.23 መጽሐፍ ይወስድ የነበረው ወደ 1.6 ወረደ። መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ፥ ሰውየውም በመንገድ ላይ ቆሞ፥ ሁለቱ ሳይገናኙ ቀሩ።

ደግሞ መርማሪዎቹ ከመስኮት ሆነው በዋናው መንገድ የሚያልፈውን ሰው ተመለከቱ። ካዩአቸው 68 ወንዶች 39ኙ ያችን አጭር መንገድ ሲሄዱ ሦስት ጊዜና ከዚያም በላይ ቆሙ፤ ከ32 ሴቶች ግን እንዲህ የቆሙት 3 ብቻ ነበሩ። ከመቶ ወንዶችም 88ቱ ሰዓት አልያዙም ነበር። ሰዓት ለማን ይጠቅማል? የሚጠብቃቸው ነገር የለምና። ቀናቸውን በየሰዓቱ ከፍለው እንዲጽፉ የተጠየቁ ወንዶች መነሣታቸውን፥ ምሳ መብላታቸውንና መተኛታቸውን ጻፉ፤ በዚህ መካከል ያለውን ጊዜ ግን በምን እንዳሳለፉት ለማስታወስ ተቸገሩ። ጊዜው አልፏል፤ ምልክቱ ግን አልቀረም።

በዚያው ቤት ውስጥ የሴቶቹ ቀን የተለየ ነበረ። ሴቲቱ ከጧት እስከ ማታ ታጥባለች፥ ትጥፋለች፥ የቀረችውን ጥቂት ገንዘብ ለሳምንቱ ታብቃቃለች፤ የምትቆምበትም ጊዜ የላትም። ይህን ለኋላ እንመለስበታለን።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ለሥራ ፈቶች የሚሰጥ የመንግሥት መደጎሚያ ነበረ፤ ነገር ግን ሕጉ ጥብቅ ስለ ነበረ ጥቂት ሳንቲም ያገኘ ሰው መደጎሚያው ይቈረጥበት ነበር። ሃርሞኒካ እየነፋ ጥቂት ገንዘብ የተቀበለ አንድ ሰው በዚሁ ምክንያት መደጎሚያውን አጣ። እንግዲህ ሰውየው እጁን ከማፍታታት ይልቅ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የሚሻለው ሆነ ማለት ነው። ሕግ አውጪዎች ይህን ሊያስቡት ይገባል፤ በቤታችንም እንዲህ ያለ ሕግ አለ፤ ልጁ በቀን ሥራ ጥቂት ብር ይዞ ሲገባ «ለዚህ ነው ያስተማርሁህ?» ብሎ የሚቈጣ አባት ያንኑ ሕግ በቤቱ አውጇል።

መርማሪዎቹ ለመጻፍ ብቻ አልመጡም ነበር፤ በመንደሪቱ ውስጥ ልብስ አከፋፈሉ፤ ሐኪም አስመጡ፤ ለሴቶች የልብስ ቅድ መንደፍ የሚማሩበት ትምህርት ከፈቱ። መጽሐፍ በነጻ ሲሰጠው ያልወሰደ መንደር፥ ለዚህ ትምህርት ግን ብዙ ሴቶች መጡ። ልዩነቱ ወዴት ነው? ትምህርቱ ቀን አለው፤ ሰዓት አለው፤ አስተማሪ አለው፤ አብሮ የሚቀመጥ ጎረቤት አለው፤ በመጨረሻም ለልጅ የሚለበስ ነገር ይወጣዋል። መጽሐፉ ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም።

ማሪ ያሆዳ ከዚህ በኋላ ብዙ ዘመን ኖራ በ1982 ዓ.ም. ባወጣችው ሌላ መጽሐፍ ነገሩን እንዲህ ብላ አብራራችው፤ ሥራ ለሰው የሚሰጠው ደመወዝ ብቻ አይደለም። ቀኑን በሰዓት ይከፍልለታል፤ ከቤተ ሰቡ ውጭ ካለ ሰው ጋራ ያገናኘዋል፤ ከራሱ ከሚበልጥ የጋራ ዓላማ ጋራ ያያይዘዋል፤ በሰው ዘንድ ስምና ማዕርግ ይሰጠዋል፤ ቢወድም ባይወድም እንዲንቀሳቀስ ግድ ይለዋል። ሥራውን ያጣ ሰው ከደመወዙ ጋራ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ያጣል። ስለዚህ ሥራ ለሌለው ልጅ «ተማር» ከማለታችን በፊት፥ እነዚህን የጠፉትን ነገሮች በቤታችን ውስጥ በምን እንተካቸዋለን ብለን ልንጠይቅ ይገባል።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ የተደረገውን ለማነጻጸር ያህል በአጭሩ እንንገር። በ1933 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሮዝቬልት ሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮር የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ ሥራ የሌላቸው ወጣቶች በሰፈር ተከማችተው ዛፍ ይተክሉ፥ መንገድ ይጠርጉ፥ ጎርፍ የሸረሸረውን መሬት ይጠግኑ ነበር። በወር 30 ዶላር ሲከፈላቸው 25ቱ በቀጥታ ለቤተ ሰባቸው ይላክ ነበር። ማታ ከሥራ ሲመለሱ ለወደደ ሁሉ ትምህርት ነበረ። ድርጅቱ በ1942 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ ከ40 ሺህ የሚበልጡ ወጣቶች በዚያ ሰፈር ማንበብና መጻፍ ተማሩ። ቀኑን ሙሉ ዶማ የያዘ ሰው ማታ ፊደል ሲቈጥር፥ ቀኑን ሙሉ ነጻ የነበረው የማሪየንታል ሰው መጽሐፍ አልገለጠም።

እኛስ ይህን ከፈረንጅ አገር ልንማር ይገባን ነበርን? አይመስለንም። በአገራችን ደመወዝ ሳይኖረው ብዙ ዓመት ሲማር የኖረ ሰው የቆሎ ተማሪ ነው። የሚበላውን እየለመነ፥ በትንሽ ጎጆ እያደረ፥ ዜማውን ወይም ቅኔውን ከብዙ ዓመት በኋላ ይፈጽማል። ይህን ሁሉ ያስቻለው የብቻው ትጋት ነውን? አይደለም። ሰዓቱ የተወሰነ ነው፤ መምህሩ ይጠይቁታል፤ ትልቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ ያላጠናውም በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። ከዚያ ጎጆ አውጥታችሁ አንዱን ተማሪ ብቻውን በሞቀ ቤት ብታስቀምጡት፥ ምናልባት በዚያው ዓመት ትምህርቱን ይተው ይሆናል።

ደግሞም ደጅ ጥናት የሚባል ነገር ነበረን። ሹመት ወይም ርስት የሚፈልግ ሰው በመኳንንቱ ደጅ ወራትና ዓመታት ቆሞ ይኖር ነበር። ይህ ልማድ ብዙ ሰው አጕላልቷል፤ አናመሰግነውም። ሆኖም ደጅ የጠናው ሰው ሙግት ሲሟገቱ ይሰማል፤ አነጋገር ይማራል፤ የሕጉንና የሥርዓቱን ነገር ይቀስማል፤ ሲሾም ባዶውን አይገባም ነበር። የዛሬው ልጅ ደጅ የሚጠናው በእጅ ስልኩ ነው። ማመልከቻውን ከላከ በኋላ መልስ መጣ አልመጣ እያለ መስተዋቱን ሲያይ ይውላል፤ ከዚህ ደጅ ግን አንዳች የሚቀስመው ሙያ የለም። የአራት ኪሎውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ቆሞ የሚያነበው እንኳ ከእርሱ ይሻላል፤ ቢያንስ በእግሩ ሄዷል፤ ከባልንጀራውም ጋራ ተነጋግሯል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ይህ ጕዳይ የጥቂቶች ጕዳይ እንዳይመስላችሁ አንድ ቍጥር እናስቀድም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። ቀሪው ብዙው ልጅ ወዴት ይሄዳል? ከዩኒቨርሲቲ ለመውጣትም ቢሆን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ተደርጓል። እንግዲህ ከትምህርት ቤት ደጅ እስከ ሥራ ደጅ ያለው መንገድ ከቀድሞው ይልቅ ረዝሟል፤ በዚህ መንገድ መካከል ያለውም ማደሪያ የወላጅ ቤት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ለልጁ ሰዓት ይወሰንለት። ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት የትምህርቱ ጊዜ ነው ከተባለ፥ በዚያ ሰዓት ልጁ ለቤቱ እንደ ሌለ ይቈጠር። «ሥራ ስለሌለህ ይህን ዕቃ ለአክስትህ አድርስ፤ መብራቱን ክፈል፤ እንግዳውን ተቀበል» እየተባለ ቀኑ የሚበጣጠስ ልጅ ከወር በኋላ ምን ተማርህ ቢባል መልስ የለውም። መላላክ ነውር አይደለም፤ ከቀትር በኋላ ይላክ። ቤቱ ጠባብ የሆነበት እንደ ሆነ ደግሞ በአዲስ አበባ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር፥ በ2014 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በአራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አለ። ወደነዚህ ቤቶች መሄድ መጽሐፍ ለማግኘት ብቻ አይደለም፤ ልብስ ለብሶ፥ ጫማ አስሮ፥ በሰዓት ከቤት ለመውጣትና ከሚማር ሰው አጠገብ ለመቀመጥ ነው። ከማሪየንታል ሰዎች የጠፋው ይኸው ነበረ።

ሁለተኛው ነገር የወላጅ አንደበት ነው። ማታ ማታ «ሥራ አገኘህ?» ብሎ መጠየቅ ለልጁ በየቀኑ የሚደገም ፍርድ ነው፤ መልሱ በእጁ አይደለምና። «ዛሬ ምን ሠራህ? አሳየኝ» ማለት ግን ሌላ ነው፤ የዚህ መልስ በእጁ ነው። ልዩነቱ የአንድ ቃል ይመስላል፤ በቤት ውስጥ ግን ብዙ ነገር ይለውጣል። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለውን ተረት የፈጠሩ አባቶች ቀልደኞች ነበሩ፤ ዛሬ ግን በቀልዱ ፋንታ ስድብ ገብቶ፥ በአንድ ማዕድ ቀርበው የማይነጋገሩ አባትና ልጅ አይተናል።

ስለ ሴት ልጅ ነገር ቀደም ብለን ለኋላ ያስተላለፍነውን አሁን እንናገር። ሥራ ያላገኘች ሴት ልጅ በቤታችን ሥራ እንደ ፈታች አትቈጠርም፤ እንዲያውም ቤተ ሰቡ ደስ ይለዋል፤ ያለ ደመወዝ የምትሠራ ሠራተኛ ተገኝታለችና። ወንድሟ «እያጠና ነው» ተብሎ በሩ ሲዘጋለት እርስዋ ሊጥ ታቦካለች፥ ሕፃን ታቅፋለች፥ ቡና ታፈላለች። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላም በፈተና ወንድሟ ቢቀድማት «እርሱ ጐበዝ ነው» ይባላል። ይህ እውነተኛ ሚዛን ነውን? አባወራው በዚህ ነገር እናቲቱን ብቻ አይውቀስ፤ የቤቱን ሥራ ለሁሉ የሚያካፍል ቃል ከእርሱ ሊወጣ ይገባዋል። ለወንዱ የተወሰነው አራት ሰዓት ለሴቲቱም ይወሰን፤ ወንዱም ከቀትር በኋላ ውኃውን ይቅዳ፥ ዕቃውን ይጠብ።

ሦስተኛው የሙያ ምርጫ ነው፤ በዚህ ላይ የከበሩት ቤቶች ከሌላው ይልቅ ይሰናከላሉ። ልጃቸው ወንበርና ጠረጴዛ የሌለበት ሥራ ቢማር የቤታቸው ስም የሚወርድ ይመስላቸዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩንና ሸማኔውን፥ በጠቅላላውም የእጅ ባለ ሙያውን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸውን እናውቃለን፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ከአደባባይ ወጥቶ በቤታችን ጓዳ ገብቶ ተቀምጧል። በ1934 ዓ.ም. የተግባረ እድ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈትም ዓላማው ይህን ንቀት ማፍረስ ጭምር ነበር ብንል አንሳሳትም። ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፥ የተበላሸ ማቀዝቀዣ የሚያድስ፥ የመኪና ሞተር የሚፈታ ሰው ዛሬ ወደየቤታችን ሲጠራ ስንት ቀን እንደሚያስጠብቀን እናውቃለን። ያ ሰው ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ የእኛ ልጅ ግን ከነዲግሪው ተቀምጧል።

እንዲህም ስንል ሁሉ መዶሻ ይያዝ ማለታችን አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ሙያ መምህሩ በአጠገብ የሚገኝለት ሙያ ነው። በሰፈሩ የታወቀ አናጢ ያለበት ልጅ አናጢነትን፥ አጎቱ ጋራዥ ያለው ልጅ የሞተርን ነገር፥ እናቱ ስፌት የምታውቅ ልጅ ልብስ ስፌትን ቢጀምር፥ በሩቅ ያለውን ውድ ትምህርት እያለመ ከሚቀመጠው ይልቅ ይቀድማል። በመንግሥት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚሰጠው ሥልጠናም በደረጃ የተከፈለ ነው፤ የልምምዱም ትልቅ ክፍል በእውነተኛ የሥራ ቦታ የሚፈጸም ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ፤ የብቃት ማረጋገጫ ምዘና የሚባለውን ፈተና ለመቀመጥ በኮሌጅ መማር ብቻ አያስፈልግም። ሙያውን ከአባቱ ወይም ከጌታው እጅ የተማረ ሰውም ተመዝኖ፥ በጽሑፍና በተግባር ከበቃ፥ ወረቀቱን ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ በጋራዥ ረዳትነት ያሳለፈው ዓመት ከንቱ አይሆንም።

የኮምፒዩተር ዕውቀት የሚመኝ ልጅ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ኢትዮጵያ ከተባበሩት የዐረብ ኤሚሬቶች ጋራ በመተባበር የጀመረችውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሰምቶ ይሆናል። ሥልጠናው በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሆኖ፥ የድረ ገጽና የእጅ ስልክ መተግበሪያ አሠራርን፥ የመረጃ ሳይንስን፥ የሰው ሠራሽ አስተውሎትንም መሠረት ያስተምራል። ይህ መልካም በር ነው። ነገር ግን ከማሪየንታል የነጻ መጽሐፍ የተማርነውን እናስታውስ፤ ነጻ መሆኑ ብቻ ሰውን አያስጨርስም። ሦስት ወይም አራት ባልንጀሮች በአንድነት ጀምረው፥ በሳምንት ሁለት ቀን እየተገናኙ የሠሩትን ቢያሳዩ፥ ብቻውን ከጀመረው ይልቅ የመጨረስ ተስፋቸው ይበልጣል።

ገንዘብ ከፍሎ የሚያስተምር አባት ደግሞ ይጠንቀቅ። ሙያ ሳይሆን ወረቀት የሚሸጡ ቤቶች አሉ። ከመክፈሉ በፊት ልጁን ይዞ ሄዶ፥ ከዚህ በፊት ተምረው የወጡ ሰዎች የት እንደሚሠሩ ይጠይቅ፤ ተማሪው በመሣሪያው ላይ በገዛ እጁ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ይጠይቅ፤ አንድ ቀንም ተቀምጦ ትምህርቱን ይይ። እውነተኛ አስተማሪ በዚህ አይቈጣም። መምህሩ ሳይታይ ደረሰኙ የሚቀድምበት ቤት ሲያጋጥመው ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ይመለስ።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ የምናውቀው ቤት ነው። አባት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ብዙ ዘመን አገልግለው በጡረታ የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው በሒሳብ መዝገብ አያያዝ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ ተቀመጠ። አባት የድሮ ባልደረቦቻቸውን እየዞሩ ለመኑ፤ ሁሉም «እናያለን» አሏቸው። በኋላ አባትና ልጅ መነጋገር አቆሙ። ልጁ እስከ ረፋድ ይተኛል፤ አባት ገና በማለዳ ወጥተው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ምሳ የሚበሉት በየተራ ነው። እናት በመካከል ሆነው ቃል ያመላልሳሉ።

መፍትሔው የመጣው ባልታሰበ መንገድ ነው። የሰፈሩ እድር ጸሓፊ ታመሙና የእድሩ መዝገብ ለአባት ተሰጠ። መዝገቡ የብዙ ዓመት ነበር፤ የከፈለና ያልከፈለ ተደበላልቆበታል፤ ድንኳኑና ወንበሩ ለማን እንደ ተከራየ በውል አይታወቅም። አባት ሦስት ሌሊት ታግለው አቃታቸው፤ ለልጁም ሊነግሩት አልወደዱም። እናት መዝገቡን አንሥተው በልጁ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። «አባትህ ደክመዋል፤ እስኪ እየው» አሉት እንጂ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ልጁ በመጀመሪያው ቀን መዝገቡን ገልጦ ሳቀ። በሁለተኛው ቀን እርሳስ ያዘ። በሳምንቱ ማለቂያ በአዲስ ደብተር ዓምድ አስምሮ የእያንዳንዱን አባል ሒሳብ ለየ፤ ሊሰበሰብ ይገባው የነበረ፥ ግን ሳይጠየቅ የቀረ ውዝፍ አገኘ። ከዚያ በኋላ በየቤቱ እየሄደ አባሎቹን ማነጋገር ነበረበት፤ ሁለት ዓመት ከሰው ፊት የሸሸ ልጅ የሰፈሩን በር ሁሉ አንኳኳ። አንድ ነጋዴ የእድሩን ደብተር አይቶ የሱቁን ሒሳብ እንዲጽፍለት ጠየቀው፤ ሁለተኛውም ተከተለ። ነገር ግን ነጋዴዎቹ የሚፈልጉት በኮምፒዩተር የሚሠራውን የፒችትሪ ሒሳብ አያያዝ ነው፤ ልጁ ደግሞ በትምህርት ቤት ስሙን ሰምቶ በእጁ ግን አልነካውም ነበር። እንግዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚማረው ነገር ዓላማ አገኘ። በጧት ከጓደኛው ኮምፒዩተር እየተዋሰ ተማረ፤ ከቀትር በኋላ የተማረውን በነጋዴው ሒሳብ ላይ ሞከረ፤ ያልገባውንም በማግሥቱ ጠየቀ።

እውነቱን ለመናገር ይህ ልጅ አባቱ የተመኙለትን ቋሚ ሥራ ገና አላገኘም። ከነጋዴዎቹ የሚቀበለውም ጥቂት ነው፤ የትራንስፖርቱንና የስልኩን ይሸፍናል፤ ለእናቱ ቡናና ስኳር ይተርፋል። በየሳምንቱ ማመልከቻ መጻፉን አላቆመም፤ አሁን ግን በማመልከቻው ላይ «የሥራ ልምድ» በሚለው ቦታ የሚጽፈው ነገር አለው።

ባለፈው እሑድ ለእድር ስብሰባ ወደዚያ ቤት ሄደን ነበር። አባት መነጽራቸውን አድርገው ከልጃቸው ጐን ተቀምጠዋል፤ ልጁ ቍጥሩን ያነባል፤ እርሳቸው በአሮጌው መዝገብ ላይ በጣታቸው ይከተላሉ። አንድ ቦታ ሲደርሱ አባት «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» አሉት። ልጁም ደብተሩን ወደ እርሳቸው አስጠግቶ «አባባ፥ ይህ የኅዳሩ ነው፤ እርስዎ የሚያዩት የጥቅምቱን ነው» አለ። ሽማግሌው ገጹን ገልጠው ተመለከቱና «እውነትህን ነው» ብለው ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።